የአንድ ለአንድ የማጥቃትና የመከላከል ክህሎት በታዳጊዎች የእግር ኳስ ስልጠና

እግር ኳስ የአስራ አንድ ተጫዋቾች የጋራ ስራ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አንድ አጥቂ ኳስ ይዞ ከአንድ ተከላካይ ጋር በሚፋጠጥባቸው ጥቂት ቅጽበቶች ነው።

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ከተማ የተካሄደው የኢትዮጵያና የናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ ለዚህ አስረጂ ሆኖ ይጠቀሳል። ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው የኢትዮጵያ ቡድን ጨዋታው ሊጠናቀቅ አስር ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ድረስ ግብ አልተቆጠረበትም ነበር። በቀሩት ደቂቃዎች ግን የናይጄሪያው የመስመር አጥቂ ቪክተር ሞሰስ ኳስ ይዞ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሁለት ጊዜ ጥፋት ተሰራበት። የተሰጡትን ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶችም ራሱ መትቶ አስቆጠረ። በሁለተኛው ጥፋት የኢትዮጵያ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጣ። ጨዋታው በናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸናፊነት ሲጠናቀቅ ኢትዮጵያ ከምድቧ ተሰናበተች፤ ናይጄሪያ ደግሞ የውድድሩን ዋንጫ ወሰደች።

ለሰማንያ ደቂቃ የጸናው የቡድን አደረጃጀት በሁለት የግል ፍልሚያዎች ተፈታ። እንዲህ ያለውን ፍልሚያ በብቃት የመወጣት ክህሎት ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድን ከተመረጠ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ዝግጅት የሚገኝ አይደለም። ክህሎቱ በታዳጊነት ዕድሜ፣ ከእውነተኛ ተቃራኒ ጋር በሚደረግ ተደጋጋሚ ልምምድ የሚገነባ ነው። ማጥቃትና መከላከልም ተነጣጥለው ሳይሆን በአንድነት ሊሰጡ ይገባል።

የክህሎቱ ምንነት

የአንድ ለአንድ ፍልሚያ የሚባለው አንድ አጥቂና አንድ ተከላካይ የቅርብ ረዳት ሳይኖራቸው ኳሱን ለመያዝ ወይም ለመንጠቅ የሚያደርጉት ትግል ነው። ፍልሚያው በሜዳ ላይ በአራት መልክ ይታያል። የመጀመሪያው አጥቂውና ተከላካዩ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚከሰት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተከላካዩ ከአጥቂው ጎን ለጎን እየሮጠ ሲፎካከር የሚፈጠር ነው። ሦስተኛው አጥቂው ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ይታያል። አራተኛው አጥቂው ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ሲገናኝ ነው። እያንዳንዱ መልክ የራሱን ልምምድ ይፈልጋል።

በሰፈር ሜዳዎች "አብዶ" እየተባለ የሚጠራው ተቃራኒን የማታለል ጥበብ የዚህ ክህሎት አንድ ክፍል ነው። አብዶ ተመልካችን ለማስደነቅ ብቻ ሲሰራ ጊዜ ያባክናል፤ ለተከላካዮችም ተሰባስበው ቦታቸውን እንዲይዙ ዕድል ይሰጣል። ተከላካዩን አልፎ ወደ ግብ ለመቅረብ፣ ለጓደኛ ለማቀበል ወይም ግብ ለመምታት ሲውል ግን አንድን የተቃራኒ ተጫዋች ከጨዋታው ውጪ ስለሚያደርግ ለቡድኑ የቁጥር ብልጫ ያስገኛል።

ይህ ክህሎት በተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ተሰጥኦ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የፌይኖርድን ክለብ ለዩኤፋ ዋንጫ ያበቃው የኔዘርላንዱ አሰልጣኝ ዊል ኩርቨር ግን ይህን አልተቀበለም። ኩርቨር የታላላቅ ተጫዋቾችን እንቅስቃሴ በፊልም እያየ በዝርዝር ከመረመረ በኋላ፣ እያንዳንዱን የማታለያ ስልት ማንኛውም ታዳጊ ሊለማመደው በሚችል መልኩ ከፋፍሎ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። በስሙ የሚጠራው የስልጠና ዘዴም በበርካታ አገሮች ተስፋፍቷል።

የማጥቃት ክህሎት

አጥቂው ተከላካዩን ለማለፍ በቅደም ተከተል ሊያከናውናቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። ቀዳሚው የመጀመሪያ ንክኪ ነው። ኳስ ሲቀበል ከእግሩ ስር ከማቆም ይልቅ ወደ ክፍት ቦታ ካሳለፋት ተከላካዩ ተረጋግቶ ሳይቆም ይደርስበታል።

ቀጥሎ ወደ ተከላካዩ የሚደረገው ጉዞ ነው። አጥቂው ኳሷን በየእርምጃው እየነካ፣ ከእግሩ ሳያርቅ፣ ቀና ብሎ እያየ ሊቀርብ ይገባል። ኳሷ ከእግር ስትርቅ ተከላካዩ የሚነጥቅበት ጊዜ ያገኛል። አጥቂው አንገቱን ደፍቶ ሲነዳ ደግሞ የተከላካዩን አቋቋም፣ የግቡን አቅጣጫና የጓደኞቹን ቦታ አያይም።

ሦስተኛው ማታለል ሲሆን፣ ውጤታማነቱ የሚወሰነው በርቀት ነው። ከሩቅ የተደረገ ማታለል ተከላካዩን አያናጋም፤ በጣም ቀርቦ የተደረገ ደግሞ ኳስ ያስነጥቃል። በተለምዶ ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀር መጀመር ይመከራል። ትከሻን ወደ አንድ ወገን ጥሎ በሌላው መውጣት፣ እግርን በኳስ ላይ ማሳለፍ፣ ለመምታት አስመስሎ መቁረጥ የመሳሰሉት ስልቶች ዓላማቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የተከላካዩን የሰውነት ክብደት በአንድ እግሩ ላይ ማሳረፍ ነው።

አራተኛው የፍጥነትና የአቅጣጫ ለውጥ ነው። ብዙ ታዳጊዎች ማታለሉን አሳምረው ከሰሩ በኋላ በዚያው ፍጥነት ስለሚቀጥሉ ተከላካዩ ተመልሶ ይደርስባቸዋል። ከማታለሉ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት እርምጃዎች ከሁሉም የፈጠኑ መሆን ይኖርባቸዋል። አምስተኛው ደግሞ አጥቂው ተከላካዩን ካለፈ በኋላ በሩጫው መስመር ፊት ገብቶ መንገዱን መዝጋቱ ነው። ይህን ሲያደርግ ተከላካዩ ከኋላ ጥፋት ሳይፈጽም ኳስ ማግኘት ያዳግተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ የኔዘርላንዱ ዮሃን ክራይፍ በስዊድን ላይ ያሳየው መታጠፍ ከእነዚህ ውስጥ ማታለልንና የአቅጣጫ ለውጥን በግልጽ ያሳያል። ክራይፍ ኳስ የሚያሻማ አስመስሎ እግሩን ካነሳ በኋላ ኳሷን በውስጥ እግሩ ከቆመበት እግር በስተጀርባ ስቦ ወደኋላ ዞረ። ተከላካዩ ሊሻማ ነው ብሎ ስለተንቀሳቀሰ በሌላ አቅጣጫ ቀረ። ስልቱ ለመማር ቀላል በመሆኑ እስካሁን በታዳጊዎች ስልጠና ይሰጣል።

ከስልቱ እኩል ውሳኔውም ሊሰለጥን ይገባል። በራስ ግብ አካባቢ የሚነጠቅ ኳስ አደጋ ያስከትላል። በተቃራኒ ግብ አቅራቢያ የሚነጠቅ ኳስ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ሲሆን፣ ከተሳካ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ከፍተኛ ነው። በመሆኑም ታዳጊው መቼ እንደሚያልፍና መቼ እንደሚያቀብል የሚለየው ሁለቱንም በልምምድ ሲሞክር ነው።

የመከላከል ክህሎት

የአንድ ለአንድ መከላከል የሚጀምረው ኳስ ወደ አጥቂው በመጓዝ ላይ እያለች ነው። ተከላካዩ በዚህ ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ቀርቦ፣ አጥቂው ኳሷን ሲቆጣጠር ግን እርምጃውን አሳጥሮ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። በሙሉ ሩጫ የሚደርስ ተከላካይ በቀላል ማታለል ይታለፋል።

አቋቋሙም ወሳኝ ነው። ተከላካዩ ጉልበቱን አጠፍ፣ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን እግር ከሌላው ቀድሞ በጎኑ ሊቆም ይገባል። ሁለት እግሩን ትይዩ አድርጎ የቆመ ተከላካይ ኳስ በእግሮቹ መካከል ሊያልፍበት ይችላል፤ ለመዞርም ጊዜ ይፈጅበታል። በጎኑ የቆመ ተከላካይ አጥቂውን ወደ መስመር፣ ወደ ደካማ እግሩ ወይም ረዳት ተከላካይ ወዳለበት አቅጣጫ ሊመራው ይችላል። በዚህ መልኩ የጉዞውን አቅጣጫ የሚመርጠው አጥቂው መሆኑ ቀርቶ ተከላካዩ ይሆናል።

ዓይን በኳስ ላይ ማረፍ አለበት። አጥቂው በትከሻው፣ በወገቡና በዓይኑ ሊያታልል ቢችልም ኳሷ የምትሄደው ስትነካ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ክንድ ያህል ርቀት ጠብቆ ማዘግየት ያስፈልጋል። ለመንጠቅ ትክክለኛው ጊዜ ኳሷ ከአጥቂው እግር የራቀችበት ወይም አጥቂው ጀርባውን የሰጠበት ቅጽበት ነው። ይህ እስኪሆን መጠበቅ በራሱ መከላከል ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የዘገየ ሰከንድ ለጓደኞቹ መመለሻ ጊዜ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1970 በሜክሲኮ ጓዳላሃራ ከተማ የእንግሊዙ አምበል ቦቢ ሙር በብራዚሉ ዣርዚንሆ ላይ ያደረገው የኳስ ንጥቂያ ለትዕግስት ምሳሌ ተደርጎ ይወሰዳል። ሙር በፍጥነት የሚመጣውን አጥቂ ፊት ለፊት ሄዶ አልገጠመውም። ወደኋላ እያፈገፈገ ከጠበቀ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ያለ ጥፋት ኳሷን ነጠቀ። ሆኖም በዚያው ጨዋታ ዣርዚንሆ ያስቆጠራት ብቸኛ ግብ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸናፊ አድርጋለች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጎበዝ ተከላካይም ሁሉንም ፍልሚያ እንደማያሸንፍና ስልጠናው ዓላማ የሚያደርገው የሚሸነፍበትን መጠን መቀነስ መሆኑን ነው።

በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሸርተቴ መግባት የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የጨዋታ ህግ፣ ተከላካዩ ኳስ ለመንካት ሲሞክር በክልሉ ውስጥ ግልጽ የግብ ዕድል በጥፋት ቢያከሽፍ ከቀይ ይልቅ ቢጫ ካርድ እንዲሰጠው አድርጓል። ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን ይቀጥላል። በመሆኑም ታዳጊዎች በእግራቸው ቆመው መከላከልን አስቀድመው ሊማሩ ይገባል። ለግብ ጠባቂም ተመሳሳይ መርህ ይሰራል፤ ኳሷ ከአጥቂው እግር ስትርቅ ፈጥኖ ይወጣል፣ አጥቂው ኳሷን ሲቆጣጠር ደግሞ ሳይወድቅ ሰውነቱን አስፍቶ ይጠብቃል።

የልምምድ አሰጣጥ

የስልጠና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ዕድሜ ኳስን የመቆጣጠር ክህሎት በቀላሉ የሚቀሰምበት ጊዜ ነው። ልምምዱ ከቀላል ወደ ከባድ በሦስት ደረጃ ሊሰጥ ይችላል።

በመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዱ ታዳጊ ያለ ተቃራኒ ስልቱን በሁለቱም እግሩ ይለማመዳል። ይህ ደረጃ አጭር ሊሆን ይገባል። በሁለተኛው ደረጃ 10 ሜትር በ15 ሜትር በሆነ ሜዳ ሁለት ታዳጊዎች ይገናኛሉ። ተከላካዩ ኳሷን ለአጥቂው አቀብሎ ለመጋፈጥ ይሮጣል፤ አጥቂው ደግሞ ከተከላካዩ በስተጀርባ ያለውን መስመር ኳስ እየነዳ ለማለፍ ይጥራል። ተከላካዩ ከነጠቀ በተቃራኒው መስመር በኩል ያጠቃል። በዚህ ምክንያት ሁለቱም በአንድ ዙር ማጥቃትና መከላከልን ይማራሉ። በሦስተኛው ደረጃ ግብና ግብ ጠባቂ ይጨመራሉ። አጥቂው በስምንት ሰከንድ ውስጥ እንዲመታ ገደብ ሲደረግለት ልምምዱ ወደ እውነተኛው ጨዋታ ይቀርባል።

ፍልሚያው ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ አንድ ዙር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያም በቂ እረፍት ያስፈልጋል። ከፍታ ባላቸው ከተሞች እረፍቱ ረዘም ማለት ይኖርበታል፤ የደከመ ታዳጊ ስልት አይማርምና። ተፋላሚዎችንም በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሰውነት መጠን ማጣመር ተገቢ ነው። ቀድሞ ያደገው ልጅ ሁልጊዜ በጉልበቱ ካሸነፈ ሁለቱም ስልት አይማሩም።

የተለመዱ ስህተቶች

ቀዳሚው ስህተት ታዳጊዎችን በአንድ ረጅም ሰልፍ አቁሞ ተራ ማስጠበቅ ነው። ለአብነት 24 ታዳጊዎች በአንድ ግብ ፊት ተሰልፈው ሁለት ሁለት እየሆኑ ለ20 ሰከንድ ቢፋለሙ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ 60 ዙር ይካሄዳል። በዚህ ስሌት ለእያንዳንዱ ታዳጊ የሚደርሰው 5 ዙር ወይም 100 ሰከንድ ብቻ ነው። እነዚሁ ታዳጊዎች በስድስት ትንንሽ ሜዳዎች አራት አራት ሆነው ተከፋፍለው፣ ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ቢያርፉ ግን በዚያው 20 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ይጫወታሉ። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የአሰልጣኙ ዝግጅት፣ ጥቂት ኳሶችና የሜዳ ምልክቶች ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ልምምዱን በቆሙ ምልክቶች መካከል ኳስ በመንዳት ብቻ መወሰን ነው። ምልክት አይንቀሳቀስም፣ አይነጥቅም፣ አይታለልም። ሦስተኛው ተከላካዩን የአጥቂው መለማመጃ ማድረግ ነው። "ቀስ በልለት" የሚባል ተከላካይ መከላከልን አይማርም፤ አጥቂውም ሐሰተኛ መተማመን ያዳብራል። አራተኛው ኳስ የተነጠቀን ታዳጊ መገሰጽ ወይም ከሜዳ ማስወጣት ነው። ይህ ሲደጋገም ታዳጊው ተቃራኒን ከመጋፈጥ ይልቅ ኳሷን ወዲያው ማስወገድን ይመርጣል።

የጀርመን ተሞክሮ

በዚህ ረገድ ስርዓቱን በአገር ደረጃ የለወጠችው ጀርመን ትጠቀሳለች። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳለፈው ውሳኔ መሰረት ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ አዲስ የሕጻናት አጨዋወት በመላው አገሪቱ ተግባራዊ ሆኗል። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ያለ ግብ ጠባቂ በአራት ትንንሽ ግቦች 2 ለ 2 ወይም 3 ለ 3 ይጫወታሉ። ዕድሜያቸው ከፍ ሲል የተጫዋቾቹ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ ከ11 ዓመት በታች ባሉት እስከ 7 ለ 7 ይደርሳል።

ጨዋታው በተደረደሩ በርካታ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ያሸነፈው ወደ ቀጣዩ ሜዳ ሲሻገር የተሸነፈው ወደኋላ ይመለሳል። በመሆኑም ከጥቂት ዙሮች በኋላ ተመጣጣኝ አቅም ያላቸው ሕጻናት ይገናኛሉ። የለውጡ መነሻ በትልቅ ሜዳና በብዙ ተጫዋች ጨዋታ ጠንካራዎቹ ኳሱን ሲቆጣጠሩ ሌሎቹ ቆመው የሚያዩ መሆናቸው ነው።

ለውጡ ያለ ተቃውሞ አልተካሄደም። ለትንንሾቹ የደረጃ ሰንጠረዥ መቅረቱ የማሸነፍ ፍላጎትን ያዳክማል የሚል ስጋት ከክለብ አመራሮች ጭምር ተሰንዝሯል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሕጻኑ በየደቂቃው ሊያሸንፈው የሚሞክረው ተቃራኒ ፊቱ ስላለ ፉክክሩ አልቀነሰም ሲሉ ይከራከራሉ። ለውጡ በዋና ቡድኖች ደረጃ ሊመዘን የሚችለው ዛሬ የሚጫወቱት ሕጻናት ሲያድጉ ነው።

የሚመለከታቸው አካላት ድርሻ

ከላይ የተመለከቱት ልምምዶች ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ስድስት ባለ 10 በ15 ሜትር ሜዳዎች በድምሩ 900 ካሬ ሜትር ይይዛሉ፤ ይህም 105 ሜትር በ68 ሜትር ከሆነው መደበኛ ሜዳ አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ከተሞች በመስፋፋታቸው የሰፈር ሜዳ በጠበበባቸው አካባቢዎች የትምህርት ቤት ግቢ ወይም አነስተኛ ክፍት ቦታ ለዚሁ አገልግሎት ሊውል ይችላል። ለ24 ታዳጊዎች 12 ኳሶች ቢኖሩ ለሁለት አንድ ይደርሳል።

አስቸጋሪው ጉዳይ የአመዘጋገብና የምዘና ስርዓቱ ነው። የታዳጊ ፕሮጀክት አፈጻጸም የሚለካው በተገኘ ዋንጫና በአሸናፊነት ብዛት ብቻ ከሆነ አሰልጣኙ ለዚያው ይሰራል። ቀድመው ያደጉትን ይመርጣል፤ ኳስ ይዞ መጋፈጥን ይከለክላል፤ ተከላካዮችን ኳሷን አርቀው እንዲመቱ ያዛል። የዓመቱ ሪፖርት ያማረ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ግን በሰማንያኛው ደቂቃ ብቻውን ከአጥቂ ጋር የሚፋጠጠው ያው ታዳጊ ነው፤ በልጅነቱ ያልተማረውን በዚያ ሰዓት ሊማረው አይችልም።

ስለሆነም ፕሮጀክቶችን የሚከታተሉ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በጉብኝት ወቅት በዓይን ታይተው ሊመዘገቡ የሚችሉ አራት ጉዳዮችን በሪፖርት ቅጻቸው ቢያካትቱ ጠቃሚ ይሆናል። እነዚህም ለሁለት ታዳጊዎች አንድ ኳስ መድረሱ፣ ከስልጠናው ሰዓት እያንዳንዱ ታዳጊ ከተቃራኒ ጋር የተጫወተባቸው ደቂቃዎች፣ ለመከላከል የተመደበው ጊዜ ከማጥቃቱ ጋር መመጣጠኑ እና ታዳጊዎቹ በሰውነት መጠን ተጣምረው መለማመዳቸው ናቸው። እነዚህን ለመመዝገብ የእጅ ሰዓትና አንድ ሰዓት የሜዳ ላይ ቆይታ በቂ ነው።